ለአባባ የተሠራው ሽንት ቤት

ሰው ስለ አያቱ ሲያወራ ከሽንት ቤት አይጀምርም፤ ነውር ነው። እኔ ግን ሌላ መጀመሪያ ፈልጌ አጣሁ። ለአንድ ሠርግ መቀሌ ሄጄ፣ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ቁርሴን በልቼ፣ እግሬ እንደመራኝ ወደ ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ገባሁ። በድሮው ሰፈራችን አንድ ግንበኛ አጥር ይለስን ነበር። እርጥብ ሲሚንቶ ሸተተኝና ሳላስበው ዓይኔ እንባ ሞላ። አብራኝ የነበረችው የአክስቴ ልጅ "አቧራ ገባብሽ እንዴ?" አለችኝ። "አዎ፣ አቧራ ነው" አልኳት። ሲሚንቶ ሲሸታት የምታለቅስ ሴት ነኝ ብዬ እንዴት ላስረዳት?

የሚያስለቅሰኝ አባባ ናቸው፤ የአባቴ አባት። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ መጥተው አንድ በጋ አብረውን ኖሩ። ሞባይል ስልክ ገና የሀብታም ዕቃ የነበረበት ጊዜ ነው። አባቴ፣ መምህር ተሾመ፣ ከሸዋ ተመድቦ መጥቶ በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት የንድፍ ሥዕል ያስተምር ነበር። እናቴ ምሕረት የመቀሌ ልጅ ናት፤ ሮማናት አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበራት። የምንኖርበትን የድንጋይ ቤትም ከአባቷ የወረሰችው እሷ ናት። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚያ ስለሆነ ነው።

ግቢያችን ከላይ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። ዋናው ቤት ከላይ፣ ከመንገዱ ጋር ነው፤ ሽንት ቤቱም እዚያው ውስጥ፣ ከሳሎኑ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ። ሴፕቲክ ታንኩ፣ የሚመጥጠው መኪና እንዲደርስበት ተብሎ፣ ከውጭው በር ሥር ተቀብሯል። ሰርቪሱ ደግሞ ከግቢው ግርጌ፣ ከሁሉም ነገር ርቆ የተሠራ ሁለት ክፍል ነበር። አሮጌ ፍራሽና የእናቴ ባዶ ካርቶኖች ነበሩ የሚኖሩበት።

አባባ ሴት አያቴን ቀብረው፣ ተዝካሯን አውጥተው፣ ጥቅምት ላይ መጡ። በዋናው ቤት አዲስ አንሶላ የተነጠፈለት ክፍል ተዘጋጅቶላቸው ነበር። አንድ ሌሊት እንኳ አላደሩበትም።

"ሽማግሌ ያስላል፣ ያንኮራፋል። ሰው ልረብሽ?" ብለው በትራቸውን አንስተው ወደ ሰርቪሱ ወረዱ። እናቴ ቅር አላት። እኔ ግን በጣም ደስ አለኝ፤ የግቢው ግርጌ የእኔ አገር ነበር፣ ሰውም አልነበረበትም።

እናቴ ሱቅ ናት፣ አባቴ ቀንም ማታም ያስተምራል፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ከውስጥ ቆልፌ እንድቀመጥ ታዝዣለሁ። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታችን የአደይ ለተኪሮስ፣ የእማማ ለተኪሮስ ማለት ነው፣ የልጅ ልጆች ሲጫወቱ እሰማለሁ እንጂ አላያቸውም፤ አጥሩ የእኔን ቁመት እጥፍ ነው። ድብብቆሽ ሲጫወቱ ድምፃቸውን ሰምቼ እኔም በእኛ ግቢ እደበቅ ነበር። አንዱ ቆጥሮ ሲጨርስ ትንፋሼን ውጬ ከበርሜሉ ጀርባ እቀመጣለሁ። ሁሉም ተገኝተው፣ ስቀው፣ ሌላ ጨዋታ ሲጀምሩ እኔ ገና እዚያው ነኝ።

አባባም ከእኔ አይሻሉም ነበር። ትግርኛ አያውቁም። ሰው ምንም ቢላቸው መልሳቸው "እግዜር ይመስገን" ነው። አንድ ጊዜ ሰዓት የጠየቃቸውን ሰው እግዜር ይመስገን ብለው ሸኝተውታል።

"እሜቴ" ይሉኛል፣ ከሰርቪሱ ደጃፍ ጎን ለጎን ተቀምጠን። "በዚህ ከተማ የሚያናግረኝ አንቺና እግዜር ብቻ ናችሁ። እሱም አንዳንዴ በትግርኛ ሳይመልስልኝ አይቀርም።"

እጃቸው ሥራ አይፈታም። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ይተረትሩና ክሩን በጉልበታቸው ላይ እያሹ ገመድ ይገምዱበታል። ለየትኛው በሬ እንደሆነ ብጠይቃቸው "እጄ እንዳይሰንፍ ነው" አሉኝ። ገመዱ ከፍራሹ ሥር እየተጠቀለለ ይጠራቀም ነበር።

በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ቤቱ ሁሉ ኪዳን ለማድረስ እንደሆነ ያውቃል፤ እናቴም ለደንበኞቿ በኩራት ታወራዋለች። ሲመለሱ ጫማቸው ላይ ነጭ የድንጋይ አቧራ አለ። የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ አቧራ የለውም ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ከገና በኋላ አባባ መብል ተዉ። ጾሙ ተፈቶ፣ ሥጋው ወጥቶ፣ እሳቸው ሁለት ጉርሻ ጎርሰው "በቃኝ" ይላሉ። እናቴ የምትልክላቸውን እኔ ነኝ የማደርሰው፤ ዞር ስትል የምበላውም እኔ ነኝ፤ ራሳቸው እያጎረሱኝ። ውሃውንማ እንዳለ ባቄላ ለዘራሁባት ቆርቆሮ ያፈሱላታል። ጥምቀትም አለፈ፣ አባባ አሁንም እንደጾሙ ናቸው። ነገሩን ሳሰላስል ቆየሁና ደረስኩበት፤ አያቴ ባሕታዊ እየሆኑ ነው። የሃይማኖት ትምህርት ላይ ስለ ባሕታውያን ሰምቻለሁ፤ ቅጠል ይበላሉ፣ ከሰው ርቀው ይኖራሉ። ሰርቪሱ ደግሞ ከሰው የራቀ ነው። አጠገቤ ለምትቀመጠው ልጅ በምስጢር ነገርኳት።

"ክንፍ አለው?" አለችኝ ዓይኗን አፍጥጣ።

"ገና ነው" አልኳት።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ ከሰርቪሱ ደጃፍ ላይ በጎናቸው ተዘርግተው አገኘኋቸው፤ ዓይናቸው ግማሹ ተከፍቶ፣ ክሩ እጃቸው ላይ እንዳለ። ጠራኋቸው፣ ዝም አሉ። አልደነገጥኩም። ባሕታውያን በተመስጦ ወደ ሰማይ ይሄዳሉ፣ ሥጋቸው ብቻ እንደተኛ ይቀራል። ተመልሰው እስኪመጡ ዝንብ እንዳያርፍባቸው በደብተሬ እያራገብኩ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ምን አይተው እንደሚመጡ ለመስማት ቸኩዬ ነበር። እናቴ መጥታ ስትጮህ ነው የዚህ ዓለም ነገር መሆኑ የገባኝ።

ክሊኒክ ተወሰዱ። በእጃቸው ግሉኮስ ተሰካ። ሐኪሙ የአባባን ቆዳ ቆንጥጦ ሲለቀው እንደተቆነጠጠ ቀረ። "ምን ሆነው ነው እንዲህ የደረቁት? እቤት ውሃ የለም እንዴ?" አለ። እናቴ ይህን አልቻለችውም። እቤት ስትገባ ነጠላዋን ሳታወርድ አለቀሰች።

"አማቷን አስራበች ይበሉኝ? በአባቴ ቤት?" እያለች።

ከዚያ ድንገት ወደ አባቴ ዞረች። አባባን እንደ አገሯ "አቦይ" ነው የምትላቸው። "ተሾመ፣ አቦይ ከመጡ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ሽንት ቤት ሲገቡ አይተሃል?"

አባቴ ራሱን ወዘወዘ። እኔም አሰብኩ። አላየሁም።

አባባ ከተመለሱ በኋላ አባቴ ሰርቪሱ ገብቶ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ "ልጅቷ ትውጣ" ተብዬ ወጣሁና በሩ ጀርባ ቆምኩ።

"አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ምን ጎደለብዎት?"

"ምንም አልጎደለብኝ።"

"ታዲያ ለምን አይበሉም? ለምን አይጠጡም?"

አባባ ጥያቄውን በጥያቄ መለሱ። "ያ ቤት የማን ነው ተሾመ?"

"የእኛ ነዋ።"

"የሚስትህ ነው። አባቷ የገነቡት ነው። እሷ ተቀምጣ ራቷን ከምትበላበት ግድግዳ ጀርባ እኔ ልቀመጥ? ከዚያ ወጥቼ በምን ዓይኔ ነው ምሕረትን ደህና አመሸሽ የምላት? በእኛ አገር አማት ምራቱ ፊት ሲያስል እንኳ ዞር ይላል። እስከ ገና ጎህ ሳይቀድ የምወጣበት ከከተማው ጫፍ ያለው ዳገት ሸፍኖኝ ነበር። አሁን እሱንም ለቤት መሥሪያ ሸነሸኑት። ችካል ተክለው፣ ዘበኛ አቁመውበታል። ምን ላድርግ? ያልገባ አይወጣም ብዬ አፌን ዘጋሁ።"

አባቴ ይስቅ ወይም ያለቅስ ከበሩ ጀርባ አልለየሁም። "አባባ፣ በዚህ ሊሞቱብኝ ነበር እኮ።"

"ፋሲካን ውዬ አገሬ እገባለሁ።"

"አገርዎ አሁን ማን አለዎት?"

"ሜዳው አለ።"

"ከሰርቪሱ ጎን የራስዎን ሽንት ቤት እሠራልዎታለሁ። ማንም አይገባበትም፣ የእርስዎ ብቻ ነው። ከፋሲካ በፊት ያልቃል። ያኔም እሄዳለሁ ካሉ አልይዝዎትም።"

"እንግዲህ ይለቅና እናያለን" አሉ አባባ።

ባሕታዊነታቸው በዚያው አበቃ። ትንሽ ቅር አለኝ፤ ለዚያች ልጅ ምን እንደምላት ጨነቀኝ። ግን ሌላው ጭንቀት በለጠው። ሽንት ቤቱ ከፋሲካ በፊት ካለቀ አባባ ይቀራሉ፤ ካላለቀ ይሄዳሉ። እኔ የያዝኩት ይህን ነው። እሳቸው ከሄዱ ደግሞ ከበርሜሉ ጀርባ ተመልሼ መቀመጤ ነው።

ሐዱሽ የሚባል ግንበኛ መጣ፣ አጭርና ጨዋታ ወዳድ። መጀመሪያ የታሰበው ከሰርቪሱ ጎን አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ነበር። ሐዱሽ እስከ ጉልበቱ ቆፍሮ ዶማውን ወረወረ።

"መምህር፣ ይሄ አለት እዩ፣ አለት ነው። ከዚህ በኋላ በድማሚት ነው። ከታች ደግሞ የአደይ ለተኪሮስ የውሃ ጉድጓድ አለ፤ ቢቆፈርስ የት ይሄዳል ፍሳሹ? ወደ እሳቸው እንስራ?"

እውነቱን ነው። እንግዲያውስ የቀረው ከበሩ ሥር ካለው ሴፕቲክ ጋር ማገናኘት ነው። ሴፕቲኩ ግን ላይ ነው፣ ሰርቪሱ ታች። ፍሳሽ ደግሞ ዳገት አይወጣም። አባቴ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ ለንድፍ መምህር ከዚህ የበለጠ ጨዋታ የለም። ውስጡ የሚታይ ረጅም ጎማ አምጥቶ ውሃ ሞላበት፤ ውሃ በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም የሴፕቲኩን ከፍታ ታች ላይ ያሳያል። አንዱን ጫፍ ራሱ ይዞ ከሴፕቲኩ ክዳን አጠገብ ቆመ፣ ሌላውን ጫፍ ለአባባ ሰጥቶ ከሰርቪሱ ጎን አቆማቸው።

"ይሄ ውሃ ምን ይፈልጋል?" አሉ አባባ።

"ልኩን ነው የሚፈልገው፣ አባባ። ከፍ ያድርጉት! ገና! ከፍ!"

"ሰውም ልኩን ቢፈልግ ጥሩ ነበር" አሉ እጃቸውን ሽቅብ እየዘረጉ። ክንዳቸው አልበቃ ብሎ ሐዱሽ መሰላል ላይ ወጥቶ ተቀበላቸው።

ከዚያ አባቴ ወረቀት አውጥቶ አሰላ። ሽንት ቤቱ በድንጋይ ግንብ ላይ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ በደረጃ የሚወጡበት ሆኖ ይሠራል። ቱቦው ከዚያ ተነስቶ በአጥሩ ላይ እያዘቀዘቀ ሴፕቲኩ ድረስ ይሄዳል።

"ማለት፣ ደርብ?" አለ ሐዱሽ።

"ደርብ" አለ አባቴ። ስሌቱ ልክ ነበር። እናቴም አመሰገነችው፣ እኔም ዘለልኩ። ከውሃው መንገድ ሌላ ነገር ማሰብ ለማናችንም አልመጣልንም።

ያ ሥራ የተሠራበት ወር በልጅነቴ ግቢያችን ሰው ሰው የሸተተበት ወር ነው። ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ እመለሳለሁ። ሐዱሽ ድንጋይ ሲጠርብ፣ ሲሚንቶና አሸዋ ሲያቦካ፣ "ጓለይ፣ የእኔ ልጅ፣ ራቅ በይ፣ ዓይንሽን!" ሲለኝ ደስ ይለኛል። አባባ ተረፈ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ሥራው እስኪያልቅ ሐዱሽ ሰው ገና ባልገባበት፣ ራሱ በሚሠራው ሌላ ቤት ጓሮ ሽንት ቤት እየወሰደ ያስገባቸው ስለነበር ደህና ይበሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ እርጥቡ ሲሚንቶ በፀሐይ ይሞቅና ሽታው ሰርቪሱ ውስጥ ድረስ ይገባል። ለእኔ የአባባ መቅረት ሽታ እሱ ነበር።

ከሆሳዕና በፊት አለቀ። ከኋላው የጎረቤት አጥር ስለሆነ ደረጃውም በሩም ወደ ዋናው ቤት ዞሩ። በሩ ሰማያዊ ተቀባ። ከአጥሩ በላይ ዘልቆ ስለሚታይ የአደይ ለተኪሮስ የልጅ ልጆች "ሰገነት" ብለው ስም አወጡለት። አባቴ ወጥቶ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋ፣ ወርዶ በቱቦው ጎን እየሮጠ በሩ ድረስ ሄደ፣ የሴፕቲኩን ክዳን ከፍቶ ጆሮውን ሰጠ።

"ደረሰ!" ብሎ ጮኸ።

እናቴ እልል አለች። ሽንት ቤት በእልልታ ሲመረቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

"እንግዲህ አባባ፣ ይሞክሩት" አለ አባቴ።

አባባ ሽቅብ አዩት። ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ በትራቸውን ደረጃ በደረጃ እየተከሉ ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። ከዚያ ላይ የማይታይ ነገር አልነበረም፤ መንገዱ፣ የጎረቤት ግቢ ሁሉ፣ እናቴ የቆመችበት የወጥ ቤት መስኮት። የሚታይ ከሆነ ደግሞ የሚያይ አለ። አደይ ለተኪሮስ ልብስ እያሰጡ ነበር።

"አቦይ! ከመይ ውዒልኩም?" አሉ ደስ ብሏቸው።

አባባ መቀሌ ከገቡ ጀምሮ ከአጥር ማዶ ሰላም ያላቸው ሰው አልነበረም። ሰላምታ ደግሞ አይናቅም። የበሩን እጀታ እንደያዙ ጎንበስ ብለው "እግዜር ይመስገን" አሉ።

"ደሓን ዲኹም? ጥዕና ደሓን ድዩ?"

"እግዜር ይመስገን።"

በመንገድ የሚያልፉ ሁለት ሽማግሌዎችም ቀና ብለው አይዋቸውና ባርኔጣቸውን አነሱ። አባባ ለእነሱም ጎንበስ አሉ። አንዲት ሴት ልጇን "ሰላም በያቸው" ብላ እጇን አስወዘወዘቻት። ለሕፃኗም ጎንበስ አሉ። ከዚያ ሳይገቡ ቀስ ብለው ወረዱ።

"አየሩ ጥሩ ነው" አሉ ለአባቴ።

እኔ ታች ሆኜ በደስታ ልሞት ነበር። አባባ በአንድ ከሰዓት ይህን ሁሉ ወዳጅ አፈሩ፤ ከእንግዲህማ የትም አይሄዱም ብዬ አሰብኩ።

በማግሥቱ ግን የውሃ ብርጭቆው እንደሞላ ተመለሰ። እናቴ አየችው፤ ደረጃውን አየች፤ ከዚያ የራሷን መስኮት አየች። ያኔ ገባት። መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለችና ማታውን አደይ ለተኪሮስ ዘንድ ሄደች። "አደይ፣ በእግዚአብሔር፣ አቦይ እዚያ ሲወጡ ሰላም አይበሏቸው። እንዳላዩ ይሁኑላቸው" አለቻቸው። አደይ ለተኪሮስ ደግ ሴት ናቸው። ለልጆቹም፣ ለጎረቤቱም፣ ለመንገደኛውም ነገሩላቸው።

አባባ ሁለት ቀን ቆይተው፣ በሰሙነ ሕማማት አንድ ጠዋት፣ እንደገና ወጡ። የመጀመሪያውን ደረጃ ሲረግጡ ከአጥሩ ማዶ የልጆቹ ጨዋታ ቆመ። አደይ ለተኪሮስ እርጥብ ልብስ በእጃቸው እንደያዙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። መንገድ ላይ የነበሩት አቀረቀሩ። እናቴ መጋረጃውን ሳበች። ሰፈሩ ሁሉ ለአባባ ክብር ብሎ ጸጥ አለ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ምን ሊያደርጉ እንደወጡ አውቆላቸው ትንፋሹን ውጦ ቆመላቸው። አባባ ከላይ ሆነው የዞረውን ጀርባ ሁሉ አንድ በአንድ አዩት፤ እንደ በፊቱም ሳይገቡ ወረዱ። እኔ ሰዎቹ የተጣሏቸው መስሎኝ ተናደድኩ።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ሊሄዱ ሆነ። የሰርቪሱ ደጃፍ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ አይሂዱ። ሽንት ቤቱ አልቋል እኮ።"

"አልቋል፣ እሜቴ። አባትሽ ጎበዝ ነው። ደግ ሰዎች ናችሁ፤ እናትሽም፣ ጎረቤቱም።"

"ታዲያ ማን አስቀየመዎት?"

"ማንም። አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ሰው ሲያይሽ ታፍሪያለሽ፤ ሰው ላለማየት ሲዞርልሽ ግን ይብሳል።"

"እኔስ ከማን ጋር ልጫወት?"

ይህን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ዘርግተው ሸፈኑኝ። ጋቢው ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ፣ እሳቸውም ከላይ ጭንቅላቴን ያሻሹኝ ነበር።

አባቴ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተራ አድርሷቸው ተመለሰ። የዚያን ቀን ማስተማር አልሄደም። ኮቱን እንደለበሰ በሁለት እጁ ሁለት ባልዲ ውሃ ቀድቶ ደረጃውን ወጣ፣ ሰማያዊውን በር ከውስጥ ዘጋ። አንዱን ባልዲ ሲደፋ ሰማን። ሁለተኛውንም ደፋ። ውሃው በቱቦው ወርዶ ካለቀ በኋላ ሸፍኖት የነበረው የእሱ ድምፅ ተሰማ። አባቴ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ እንደ ልጅ፣ አባባን እየጠራ ነበር የሚያለቅሰው።

እሱ ዘንድ ልሮጥ ተነሳሁ። እናቴ የእጄን አንጓ ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ፣ ትከሻዬንም ይዛ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞረችው። የእሷንም አዞረች። በሩ ተከፍቶ፣ ደረጃውን ጨርሶ እስኪወርድ ድረስ ሁለታችንም እንደዚያው ቆየን።